የሐጂ ኑርሁሴን ዲናሞ

«ልጄ ኡበይዳ ነው የሠራው፤ ወላሂ በገዛ እጁ!»

ሸሪፋ ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ፣ የዚሁ የኡበይዳን ነጭ ሸሚዝ ስትተኩስ ነው። አባቷ ሙሀመድሰዒድ ሳሎን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስልክ ያወራሉ። እሳቸው ስልክ ሲያወሩ ደግሞ ግድግዳ አይመልሳቸውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «አዎ ሐጂ፣ ያው እኛ ቤት ያዩት የውኃ ሳጥን ነው። ለእርስዎም አንድ ሠርቶልዎታል፤ ዛሬ መጥቶ ይገጥመዋል። ወንድምዎም ለሥራ አዲስ አበባ ይዤው ልሂድ ካሉ፣ ልጁ ዝግጁ ነው። ላፕቶፑንም ይዞ ይሄዳል፤ የራሱ ነው።» እንዴ! የራሱ ነው? ኡበይዳ የእህቱን ላፕቶፕ የሚከፍተው ኳስ ለማየት ብቻ እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሸሪፋ ካውያውን እንደያዘች በቆመችበት ቀረች። ጭሱ አፍንጫዋ ሥር ሲደርስና እናቷ አሪፋ «ሸሚዙ! ኧረ ሸሚዙ!» ብላ ስትጮህ ነው የባነነችው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ቡናማ የካውያ ጫማ ታትሞበታል። «ኮት ይደርብበታ» አለች ሸሪፋ፣ ካውያውን እያቆመች።

ስለ ሳጥኑ የሚወራው እንዲህ ነው። እነሸሪፋ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። የፈረቃው ሰዓት ሲደርስ ዲናሞውን አስነስቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ መሙላት፣ ሲሞላም ፈጥኖ ማጥፋት፣ የእናቷ የአሪፋ ዕዳ ነበር። ዶሮ ጀምራ ትተዋለች፤ ለቅሶ ደርሳ ከድንኳን ተነሥታ ትሮጣለች፤ «ውኃዬ!» እያለች የምትሮጥ ሴት ሰፈሩ ውስጥ እሷ ብቻ አልነበረችም። ሸሪፋ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሳይሞላላት ቀርቶ ቤት ተቀምጣ ነበር፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ ለእሷ ከእሾህ ላይ መቀመጥ አይሻልም። ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የምትማር ጓደኛዋ ሔራን ናት የመጀመሪያዋን ቦርድ ያዋሰቻት። የመዳፍ ግማሽ የማታክል ሰሌዳ፣ መሐሏ ላይ ማይክሮኮንትሮለር የሚሉት ባለ ብዙ እግር ጥቁር ጓል የተጣበቀባት። ላፕቶፕ ላይ የጻፍሽውን ትእዛዝ በሽቦ ታቀብያታለሽ፤ ከዚያ በኋላ ሽቦውን ብትነቅይም እሷ አትረሳም። ሸሪፋ በመጀመሪያው ቀን አንዲት አምፖል ብልጭ ድርግም አድርጋ፣ ብድግ ብላ ዞር ዞር አለች፤ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። ከስልክ ቪዲዮ እየለቀመች፣ አንዷን ነጠላ ሰረዝ ዘልላ ቀኑን ሙሉ ስህተቷን እየፈለገች፣ ሁለት ቦርድ አቃጥላ እያለቀሰች፣ መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ተሠራ። ሰዓት ያውቃል፤ ፊቱ ላይም ያሳያል። የፈረቃው ሰዓት ሲደርስ ዲናሞውን ያስነሣል፤ ሮቶው ሲሞላ ያጠፋል። እናቷ «ዘበኛው» ብላ ስም አወጣችለት፤ ከዚያ ወዲያ የጀመረችውን ዶሮ ትጨርሳለች።

ዘበኛው አንድ ጉድለት ነበረበት። ቧንቧው ውስጥ ውኃ መኖር አለመኖሩን አያውቅም፤ የሚያምነው ሰዓቱን ብቻ ነው። ሸሪፋ ይህን ለአባቷ ነግራቸዋለች። «ውኃ ሲያልፍ የሚያውቅ ሴንሰር ከአዲስ አበባ ይምጣልኝና የሐጂን ሳጥን እሱን ጨምሬበት ልሥራው» ስትል፣ «የእኛው ያለ እሱ ይሠራ የለ? ይበቃል፤ ሰውየውን አታስጠብቂያቸው» ነበር መልሳቸው።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ስልኩ አላነሣም። አባቷ ፉል ውስጥ ዳቦ እየነከሩ ስለ ሱቁ፣ ስለ ሶኬትና ስለ ገመድ መወደድ ያወራሉ፤ ሰው ዝም ሲላቸው እሳቸው ራሳቸው «አዎ» እያሉ ይመልሳሉ። ኡበይዳ ቀና ብሎ እህቱን አላየም። ክፉ ልጅ አይደለም ኡበይዳ። ሱቅ ላይ ደንበኛ በሳቅ የሚይዝ፣ ለመንገደኛ ወንበር የሚስብ፣ የአባቱን ቃል ግን እንኳን ሊመልስ ጮክ ብሎ ሊተነፍስበት የማይደፍር ልጅ ነው። ሸሪፋ ዳቦዋን ቆርሳ ቆርሳ ፍርፋሪ አደረገችውና ተነሣች። እናቷ ጓዳ ድረስ ተከተለቻት።

«አባትሽ የሚያደርጉትን ያውቃሉ» አለች አሪፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሐጂ ወንድም ሴት ልጅ ይዘው አይሄዱም። ለወንድምሽ ይከፈትለት፤ አንቺ ደግሞ ሌላ ትሠሪያለሽ። ሙያው እጅሽ ላይ ነው።»

«በምን ልሠራ፣ እማ? ላፕቶፑን ይዞት ሊሄድ?»

እናቷ የሸሪፋን ሻርፕ ጫፍ አስተካከለችላት፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለችው።

ሸሪፋ ሐጂ ቤት አብራ የምትሄደው ለምን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። «የሐጂን ባለቤት ሐጃ ዘምዘምን ሰላም ትበልልን» አሉ አባቷ ወደ በሩ እያዩ። በቃ፣ ሰላም ለማለት ነው! ባጃጅ ያዙ። አባትየው ከሾፌሩ ጎን ተለጥፈው ተቀመጡ፤ ልጆቹ ከኋላ፣ ሳጥኑ ሸሪፋ ጭን ላይ። ዘንባባዎቹ ባለፉ ቁጥር በመሐላቸው ሐይቁ ብልጭ ይላል፤ እምቦጭ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ምንጣፍ አልብሶታል፤ ጀልባ ነጂዎች ቱሪስት የመሰለውን ሁሉ ይጠራሉ። ሸሪፋ አንዱንም አላየችም። እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። ከባጃጁ ጩኸት በታች ወንድሟን ታስጠናለች። «ይቺ ዲናሞውን የምታስነሣና የምታጠፋ ማብሪያ ናት፤ ሪሌ ትባላለች። ማናት?»

«ሪሌ።»

«ይቺ ሮቶው ውስጥ ተንሳፍፋ መሙላቱን የምትናገረዋ ናት። ሽቦዎቹ በየቀለማቸው ይገባሉ። ሌላውን ምንም አትንካ። ሰምተኸኛል? ምንም!»

«ሰምቻለሁ» አለ ኡበይዳ። ደግሞም «ምን ላድርግ ሸሪፍዬ፣ እኔ መቼ አልሁ? አባ ናቸው የተናገሩት» አላት። እሷ ሳጥኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ዛሬ ከሠራ ኡበይዳ የእሷን ላፕቶፕ ይዞ በእሷ ሥራ አዲስ አበባ ይገባል። ዛሬ ካልሠራ፣ ያን ያህል ያለቀሰችበት ሳጥን በሰው ፊት ይዋረዳል። የትኛውን እንደምትመኝ ራሷም አታውቅ፤ ምን ዓይነት ጭንቅ ነው ይኼ?

የሐጂ ኑርሁሴን አዲስ ቤት ሽምብጥ ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ነው። በሩ ላይ ሐጂና ከአዲስ አበባ የመጡት ወንድማቸው ተቀበሏቸው። ሰላምታው፣ «እንዴት አደራችሁ»ው፣ «አልሐምዱሊላህ»ው ከመጠናቀቁ ሐጃ ዘምዘም ከውስጥ ብቅ ብለው የሸሪፋን ክንድ ያዙ። «አንቺ ወደኛ ነይ እንጂ፣ ከወንዶች ጋር ፀሐይ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» ሳጥኑ ከእጇ ወጥቶ ወደ ኡበይዳ እጅ ሄደ። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

የሴቶቹ ክፍል ፍራሽ በዙሪያው የተዘረጋበት፣ መጋረጃው ከባድ፣ አየሩ በሽቶ የታፈነ ነው። ሦስት ሴቶች ስለ ወርቅ ዋጋ ይሟገታሉ፤ አንዷ ለልጇ ጥሎሽ የተጠየቀችውን ስትናገር ሌሎቹ «ኡኡቴ!» ይላሉ። ጁስ መጣ፤ ኬክ መጣ። ሸሪፋ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ከመስኮቱ ውጭ ነው። ስልኳ ተንቀጠቀጠ። «ቀይዋ የት ትገባለች?» ይላል ኡበይዳ። በሻርፗ ሥር ደብቃ መለሰችለት። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ መለሰች። ሐጃ ዘምዘም ዓይናቸው ንቁ ነው። «ማነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ? ሰው አለሽ እንዴ?» አሉና ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ወንድሜ ነው» አለች ሸሪፋ ፊቷ ቀልቶ።

«ውይ እሱማ! እንዲህ ያለ ባለሙያ ወንድም ያላት ሴት ምን ይጎድላታል?»

ሸሪፋ ጁሱን ጎንጨት አለች። ያኔ ነው ስልኳ ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀጠቀጠው። «ሁሉም ገባ። የሳጥኑን ሰዓት ግን ተሳስተሽ ነበር፤ ስልኬን አይቼ አስተካከልሁልሽ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። የኡበይዳ ስልክ እንደ ከተማ ልጅ ሁሉ ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ሳጥኑን ግን እሷ በሀገሩ ሰዓት ነበር የሞላችው፤ እናቷም ሐጃ ዘምዘምም ቀና ብለው ሲያዩት የሚገባቸው እሱ ነዋ! አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ የሽምብጥ ውኃ የሚመጣው በስምንት ሰዓት። ኡበይዳ «አሥር» ብሎ ሞላው ማለት ነው። ሳጥኑ ምስኪን የተነገረውን ያምናል፤ ስምንት ሰዓት እንዳለፈ፣ ቧንቧው እንደሞላ፣ ዲናሞውን ማስነሣት እንዳለበት ያምናል። ስልኩን ከእጇ ሳታስቀምጥ ግቢው ውስጥ ዲናሞው ተነሣ። ወንዶቹ «ማሻአላህ!» ሲሉ፣ ሲያጨበጭቡም ተሰማ። ሐጃ ዘምዘም ደረታቸውን ያዙና «ሠራ! ሠራ እኮ!» አሉ።

ሸሪፋ ብቻ ናት የሰማችው። ውኃ የሚስብ ዲናሞ ድምፁ ወፍራም ነው፤ የጠገበ ሰው ይመስላል። ይኼ ቀጭን ነው፤ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ይሄዳል። ባዶ ቧንቧ እየጠባ ነው። ትንሽ ከቆየ ይግላል፤ ከዚያ ይቃጠላል። እውነቱን እንናገር፤ ሸሪፋ ወዲያው አልተነሣችም። ይቃጠል! አለች በሆዷ። ይቃጠልና «በገዛ እጁ የሠራው» ሲባል የነበረው ልጅ ይመልስ። አባቷ ያን ትልቅ ድምፃቸውን የት እንደሚያገቡት ይዩት። ላፕቶፑም የትም አይሄድም፤ ማን ያየዋል ከዚህ በኋላ ኡበይዳን? ኬኩን አነሣች፤ አስቀመጠችው። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይደንሳሉ። ድምፁ ደግሞ ቀጠነ። ሰው እየሰማው የሚሞት እንስሳ መሰላት፤ ያጠፋው ነገር የለ፤ የነገሩትን ነው የሠራው። እንዲህ ያለውን ነገር ተቀምጦ መስማት አልተፈጠረላትም። ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ኧረ ልጅት!» ሲሏት የሴቶቹን ክፍል ለቃ፣ የወንዶቹን ሳሎን አቋርጣ፣ ጫማዋን ሳታደርግ ግቢው ውስጥ ገባች። ወንዶቹ ዲናሞውን ከበው ቆመው ይስቃሉ። በመሐላቸው አልፋ ሶኬቱን ነቀለችው።

ዲናሞው ቆመ። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የተለበለበ ላስቲክ። ሐጂ ኑርሁሴን አጎንብሰው ዲናሞውን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና «እፍ!» ብለው መለሱት። «ሊያቃጥለው ነበር እኮ! አዲስ ዲናሞ እኮ ነው! ሙሀመድሰዒድ፣ ምንድነው ይኼ? ማነው የሠራው ይኼን ነገር?»

ኡበይዳ መሬት መሬት ያያል። ኮቱን በሙቀት አውልቆት ኖሮ፣ ጀርባው ላይ የካውያው ጠባሳ ይታያል። አባትየው ሣል አሉ። ወደ ልጃቸው አዩ፤ ወደ ሐጂ አዩ፤ ከዚያ በባዶ እግሯ ወደቆመችው ልጅ ዞሩ። «እሷ ናት፣ ሐጂ» አሉ። «ልጅቱ ናት። ያው ሴት ልጅ ቤት ስትቀመጥ መነካካቷ አይቀርም፤ ከስልክ እያየች ነው። ልጅ ናትና ይቅር በሏት።»

የሐጂ ወንድም ቅንድባቸውን አነሡ። «ጠዋት ወንድ ልጄ ነው ብለውን አልነበር?»

ሸሪፋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር፤ «እሷ ናት የሠራችው» ሲሉ ለመስማት። ይኸው አሉ። ሲያምር እሱ፣ ሲጨስ እሷ! እንባዋ መጣ፤ ግን የመጣው ከሐዘን አልነበረም። ሶኬቱ እጇ ላይ ነው፤ አልለቀቀችውም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ጠዋትም እኔ ነበርሁ፣ አባ።»

ግድግዳው ላይ አንድ እርግብ ክንፏን አራገፈች። አባትየው ኮፊያቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ሸሪፋ ወደ ሐጂ ዞረች። «ዲናሞው አልተቃጠለም፣ ሐጂ፤ ግሏል እንጂ። ይቀዝቅዝ። ሳጥኑም ሰዓቱ ነው የተዛባ። ካቻቢቴ ካለዎት ይስጡኝ፤ ውኃው በስምንት ሰዓት ሲመጣ ያዩታል።» ሐጂ ወንድማቸውን አዩ። ወንድማቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ካቻቢቴ አምጡላት» አሉ ሐጂ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም።

የጁምዓ አዛን ሲሰማ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሐጃ ዘምዘም ለምሳ ጠሯት፤ አልገባም አለች፤ ምግቡን ሳህን ላይ አድርገው ራሳቸው ይዘውላት ወጡና «ጫማሽን እንኳ አድርጊ፣ እናቴ» አሏት። እሷ ሮቶው ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳጥኑን ከፍታለች። ሰዓቱን መለሰችው። ዲናሞው ባዶውን እንዳይነሣ አፉ ውስጥ በጆግ ውኃ ሞላችበት፤ ዘንጉን በእጇ አዞረችው፤ ዞረ። እፎይ! ግን ደግሞ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ውስጡ ያለው ጎማ ቀልጦ ቢሆንስ? ተነሥታ ግቢውን ዞረች፤ ተመልሳ ያንኑ ሽቦ ጎተተችው፤ ያንኑ ብሎን አጠበቀችው። አንዴ የጠበቀ ብሎን ስንት ጊዜ ይጠብቃል? ከወንዶቹ ሁሉ ቀድሞ ከመስጊድ የተመለሰው ኡበይዳ ነው። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነኝ፤ ለምን አልተናገርሽብኝም?» አላት።

«ምን ብዬ? የሀገር ሰዓት ነው ብዬ ሳጥኑ ላይ አልጻፍሁ፣ ለአንተም አልነገርሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ደግሞ ተናድጄብሃለሁ። የተረሳ እንዳይመስልህ።»

«እኔ አዲስ አበባ መሄድ አልፈልግም ነበር» አለ ኡበይዳ ወደ ካቻቢቴው እያየ። «እዚያ ብሄድ በማግሥቱ ነው የሚያውቁብኝ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ሸሪፋ ሳቋ መጣ፤ በዚህ ሁሉ መሐል! ካቻቢቴውን አቀበለችው። «ያችን ክዳን ያዝልኝ» አለችው፤ ያዘላት።

ወንዶቹ ከምሳ በኋላ ጥርሳቸውን እየፋቁ ግቢ ሲወጡ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ማንም ወደ ሴቶቹ ክፍል ግቢ አላላትም። ሐጃ ዘምዘምና ሴቶቹ ራሳቸው በሩ ላይ ተሰብስበዋል። አባቷ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ስምንት ሰዓት ሆነ። ቧንቧው ዝም። ሳጥኑ ውስጥ ሪሌዋ ቀጭ አለች፤ ዲናሞው ተነሣ፤ ድምፁ ቀጠነ፤ የሸሪፋ እጅ ሶኬቱ ላይ ሄደ። ና፣ ና እንጂ፣ የት ቀረህ! ቧንቧው አስነጠሰ። አንድ ጊዜ ተፋ፣ ዝገት ያለው ውኃ፤ ተንጫጫ፤ ከዚያ የዲናሞው ድምፅ ወፈረ፣ ረጋ። ጣሪያው ላይ ሮቶው ውስጥ ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ኑርሁሴን እጃቸውን ሮቶው ቧንቧ ላይ አሳርፈው ቅዝቃዜውን ሲያገኙት ፊታቸው ተፈታ።

የሐጂ ወንድም ወደ አባትየው ቀረብ አሉ። «ሙሀመድሰዒድ፣ አዲስ አበባ የማስገነባው ፎቅ አለ፤ ለእሱም እንዲህ ያለ ያስፈልገኛል። ከማን ጋር ልነጋገር?»

አባትየው አፋቸውን ከፈቱ። ሸሪፋ ዲናሞውን ትታ ቀጥ ብላ አየቻቸው። ኡበይዳ የሳጥኑን ክዳን ታቅፎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሙሀመድሰዒድ የከፈቱትን አፍ ዘጉ፤ ያ ሰፈር የሚያነቃ ድምፅ የት እንደገባ አላህ ይወቀው፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰ። «እሷን ጠይቋት» አሉ።

ስሟን አልጠሩም። ሰውየው ወደ እሷ ዞረው፣ እንግዳ ሰው እንደሚጠየቅ፣ «ማን ልበልሽ?» አሏት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሸሪፋ ሙሀመድሰዒድ እባላለሁ» አለች። «እሠራልዎታለሁ። ግን መጀመሪያ ውኃ መኖሩን የሚያውቀው ሴንሰር ይመጣል፤ ያለ እሱ አልሠራም። ላፕቶፑም እኔ ጋ ይቀራል።»